ከአረንጓዴው ቀለም ሥር የነበረው ዶሮ

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሊታዘንለት የሚገባው ሌላ ሰው ነው፤ ስታነቡ ታገኙታላችሁ። እኔ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ መኪና የምቀባ፣ የተጨማደደ ላሜራ የማቃና ሲሳይ የምባል ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬን የሚያውቅ ያመሰግነኛል፤ ጠባዬን የሚያውቅ ግን መኪናውን አስረክቦኝ ቶሎ ዞር ይላል። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። ከደንበኛም ከጎረቤትም ተደባድቤ አውቃለሁ። አንድ ጊዜማ አልነሳ ካለኝ ኮምፕሬሰር ጋር ተደባድቤ አውራ ጣቴን ሰብሬአለሁ። እናቴ እመት አበቡ "አንተን ሳረግዝ በርበሬ አብዝቼ ነው" ትላለች።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ታናሽ ወንድሜ አማረ ጽጽቃ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ውጊያው ሲቀርብ የስፌት መኪናውን ለአከራዩ አደራ ሰጥቶ በእግሩ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀ ጥይት ሆዱን መታው። አብሮት የነበረው ጓደኛው ምስጋናው እንደነገረን፣ ቁስለኛ የጫነ አንድ ወታደራዊ ኦራል የጭነት መኪና ቆሞ አማረን ጭኖት ሄደ። ምስጋናው ቦታ አጥቶ ቀረ። በማግስቱ በእግሩ ሲመጣ ያው መኪና ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ነጂው ሰዎችን እያወረደ ወደ ታች ሲጎትት ከሩቅ አየ። ፈርቶ አልቀረበም። መኪናውን የለየው በግራ በሩ ላይ በተሳለ ቀይ ዶሮ ነው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እኛ ግን መላውን ትተን ወሬ ጨመርንበት። በየጠላ ቤቱ "ባለ ዶሮው መኪና ቁስለኛ እየጫነ ገደል ይከታል" ተባለ። እኔም አመንኩ። እናቴ ግን ማመንም አልፈለገች። "ሬሳውን ሳላይ ልጄ ሞተ አልልም" ብላ ፍትሐት አላስፈታችም፣ ተዝካር አላወጣችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። እራት ሲቀርብ የአማረን ድርሻ ከፍላ ታስቀምጣለች። ያቺን የተከደነች ሳህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ያገኘሁትን ኦራል ሁሉ በር በሩን እያየሁ ዓመታት አለፉ።

ሃምሳ አለቃ ሞላ የመጡት በግንቦት አንድ ማለዳ ነው። ኦራላቸው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ሰፈሩን አንቀጠቀጠው። ከኋላው ድሮ የሬዲዮ መሣሪያ ይጫንበት የነበረ፣ ባለ አንድ በር የብረት ቤት ተሸክሟል። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ስድሳ አምስት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ፂማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ ሽማግሌ ከጋቢናው ወረዱ። በዚያ ሙቀት የወታደር ጃኬት ለብሰዋል፤ የቀኝ እጅጌው ከትከሻው ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

"የቀለሙ ባለሙያ አንተ ነህ ልጄ?"

"ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?"

"ይህቺን ነጭ አድርግልኝ። አረንጓዴዋን ያየ ሁሉ ይሸሸኛል። ባለፈው ወደ ሰሃላ መሄጃ ላይ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ጫካ ገቡ። አንዱ ደግሞ ተኮሰብኝ።" ጣታቸውን የመኪናዋ የፊት መከላከያ ላይ ወዳለ ቀዳዳ ቀሰሩ። "ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀቷ ነው። ቤቴ እሷ ናት፤ የምተኛው ከውስጥ ነው። ተከዜ ቆላ ወርጄ ራሴን ስቼ ወደቅኩባት።"

ጡረታ የወጡ ወታደር መሆናቸውንና መኪናዋን በጨረታ እንደገዟት ነገሩኝ። በሩን ከፍተው ሲያሳዩኝ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። የታጠፈ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ትንሽ መደርደሪያ አለው። መደርደሪያው ላይ የቆመ ሻማ ከወገቡ ጎብጦ ጫፉ እንጨቱን ነክቷል።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ማደሪያ ነው ማብሰያ?" አልኳቸው።

ሳቁ። "በስሎ የሚበላ ሥጋ የለኝማ፤ ለዚያ ነው የተረፍኩት።"

ጣሪያውን ነጭ ቀብቼ፣ ከላዩ ሌላ ቆርቆሮ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ላለብሰው ተስማማን። ፀሐይ ቆርቆሮውን ትመታለች፣ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። የአገራችን ድንጋይ ቤት አፈር ጣሪያው ቀን ያቀዘቅዛል፤ መኪና ላይ ግን አፈር አይጫንም። "ከውስጥ ደግሞ ይህን የኮምፔንሳቶ ኮርኒስ ገንጥዬ ስፖንጅ ልጠቅጥቅበት" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ኮርኒሱን እንዳትነካ።"

"ዋናው ሙቀት የሚገባው እኮ በዚያ ነው።"

"እንዳትነካው አልኩህ። እጅህን ወደዚያ አታንሳ።"

አነጋገራቸው ቅር አለኝ። ምን ደብቀውበት ይሆን አልኩ በልቤ። እልህ ይዞኝ "እሺ፣ እጅጌዎን እንኳ አያሰፉትም?" ብዬ ነካኋቸው። እጅጌውን ዳበስ አድርገው "ሰፊው ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነው" አሉ። ከዚያ እንደዋዛ ጠየቁኝ።

"እዚህ ሰፈር ገብረ ኪዳን የሚባል ልጅ የጠፋበት ቤት ታውቃለህ? ወጣት ነው። ለእናቱ የማደርሰው ነገር አለኝ።"

ገና ወደ ሥራ ሳልገባ ብዙ በመነጋገራችን ተሰላችቼ ነበር። "ገብረ ኪዳን የሚባል እዚህ የለም። የጠፋ ሰው ደግሞ ስንት አለ" አልኩና መስኮቶቹን ለቀለም ማዘጋጀት ጀመርኩ። ትንንሾቹን መስኮቶችና የአየር ማስገቢያዎቹን ሁሉ ቀለም እንዳይገባባቸው በጋዜጣና በፕላስተር ለጠፍኩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ያንን ብረት ቤት አየር እንዳያስገባ አድርጌ የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። በማሽን መፋቅ ስላልቻልኩ ብርጭቆ ወረቀትና ውሃ ይዤ በእጄ እፍቅ ጀመር። በእጅ ሲፋቅ ቀለም በየተራ ይለቃል፤ የወታደር መኪና ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ የተደራረበ የቀለም ልብስ አለው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት አካባቢ የግራው በር ላይ ስደርስ ከአረንጓዴው ሥር ግራጫ ወጣ። ከግራጫው ሥር ቀይ ነገር ታየኝ። ዝገት መስሎኝ ጠንከር አድርጌ ፈተግኩት። ኩክኒ ወጣ። ከዚያ ምንቃር፣ ከዚያም ጭራ።

እጄ ቆመ። ውሃው በክንዴ ይወርዳል። ዶሮውን በመዳፌ ሸፈንኩት፤ ለምን እንደሸፈንኩት ዛሬም አላውቅም። ከዚያ መዳፌን አነሳሁ። አለ።

ሃምሳ አለቃ ከኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠርጋሉ። ብርጭቆ ወረቀቱን ጥዬ መዶሻዬን አነሳሁና ሄድኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

"ይህቺን መኪና ከመግዛትዎ በፊት ያውቋታል?"

"እንዴታ! እኔ ነኝ ስነዳት የኖርኩት። ስትሸጥ አላስችል ብሎኝ ገዛኋት።"

"በጦርነቱም?"

"በጦርነቱም።"

"ዶሮውንስ?"

ቀና ብለው ፈገግ አሉ። "አገኘኸው? የሳልኩት እኔ ነኝ። በኋላ አለቆቼ አስጠፉብኝ።"

"በጽጽቃ መንገድ ቁስለኛ ጭነሃል?" አልኩ። እርስዎ ማለቴ እዚያ ላይ ቀረ።

መዶሻውን አዩት። ቀስ ብለው ተነሡ። "ጭኛለሁ" አሉ።

"አማረ የሚባል ልጅ የት ጣልከው?"

"አማረ?" ግንባራቸውን ቋጥረው፣ በጣታቸው ቆጥረው አሰቡ። "አማረ የሚባል አልጫንኩም ልጄ። የጫንኳቸውን ስማቸውን አውቀዋለሁ።"

ያ መልስ ነው ያሳበደኝ። በቡጢ አፋቸውን መታኋቸው። ደረጃው ላይ ተደገፉ እንጂ አልወደቁም። ወታደር ናቸውና በጉልበታቸው ሆዴን ብለው አስተነፈሱኝ። ተያያዝን። ጃኬታቸውን ይዤ ስጎትት የተተረተረው እጅጌ ጨርሶ ተቀደደ። በጭንቅላቴ አፍንጫቸውን ገጨሁት፤ ደሙ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። "ስማኝ፣ ስማኝ" ይላሉ። እኔ የምሰማው የወንድሜን ጩኸት ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት።

አጠገባችን በር የሚበይደው ዳኜ ሮጦ መጥቶ ከኋላዬ ያዘኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ነው! ልትገድለው ነው?" ሲለኝ ዞር ብዬ በመዶሻው እጀታ ግንባሩን ከፈልኩት። ዳኜ የልጆቼ ክርስትና አባት ነው። ደሙን በሁለት እጁ ይዞ እያየኝ ወደ ኋላ ሄደ። የተሰበሰበው ሰውም ራቀ።

ሽማግሌውን አንሥቼ ወደ ብረት ቤቱ ወረወርኳቸው። በሩን ስዘጋ ቀኝ እጃቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ገፉት። "ልቀቅ" አልኩ። አልለቀቁም። መዶሻውን ጣታቸው ላይ አሳረፍኩት። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። እጁ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። የራሳቸውን ጓጉንቸር ቆለፍኩበትና ቁልፉን ማንም እንዳይከፍት ብዬ ከአጥሩ ማዶ ወደ ወንዙ ወረወርኩት።

"ወንድሜን የት እንደጣልከው እስክትናገር እዚያው ብሰል!"

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ዶሮው በበሩ ላይ ቀይ ሆኖ ያበራል። እኔ ደረጃው ሥር ተቀምጬ መዶሻውን ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። አንዱ ፖሊስ ሊጠራ ሮጧል። መጀመሪያ ሽማግሌው ግድግዳውን ደበደቡ። "አማረን አላውቀውም! በእግዚአብሔር ስም!" እኔም መልሼ በመዶሻ ብረቱን ደበደብኩ። ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ጀሪካኑን ጠዋት መኪና ላጥብበት አውጥቼው ነበር፤ ከፊቴ ቆሟል። "ወንድሜም ውሃ ጠይቆህ ይሆናል" አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ስናገር ደስ ብሎኛል። ለዓመታት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ድብደባው ቆመ። ዝምታው ሲረዝም ያ የጎበጠ ሻማ ትዝ አለኝ። በሩ ተከፍቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነው ሻማው የጎበጠው። አሁን ሁሉም ዝግ ነው። ተነሥቼ እጄን ግድግዳው ላይ ባደርግ አቃጠለኝ። ቁልፉ ወንዝ ውስጥ ነው። ትንሽ ፍርሃት መጣብኝ፤ እኔ ግን ፍርሃት ሲመጣብኝ የማውቀው መቆጣት ብቻ ነው። "ተናገር!" ብዬ ጮኽኩ።

ተናገሩ። ግን ለእኔ አልነበረም። ድምፃቸው ከወለሉ፣ ከበሩ ሥር ካለው ስንጥቅ ነው የሚመጣው።

"ሰው ካለ ይስማኝ! እኔ መሞቴ ነው፤ ስማቸው ከእኔ ጋር እንዳይቀበር! ወልደ ሰንበት፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ከወይራው ሥር! ኃይለ ሚካኤል፣ እዚያው ከጎኑ! ገብረ መድኅን..."

"ዝም በል!" ብዬ ብረቱን ቀጠቀጥኩ። ስም ሲጠሩ እኔ እቀጠቅጣለሁ፤ ስቆም እንደገና ይጠራሉ። እብደት ነበር። ሰዉ ጆሮውን ይዟል።

እናቴ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ቤታችን ቅርብ ነው፤ ሰው ሮጦ "ልጅሽ ሰው ሊገድል ነው" ብሎ ጠርቷት በባዶ እግሯ፣ ሊጥ በእጇ ደርቆባት መጣች። "እማ፣ ሂጂ! አማረን ገደል የከተተው ሰው ነው። ዶሮውን አይተሽዋል?" አልኳት። ዶሮውን አየችው። መዶሻውን እንደገና ሳነሳ ከውስጥ የደከመው ድምፅ ተሰማ።

"ገብረ ኪዳን! ቁልቁለቱ ላይ፣ ትንሿ ሚካኤል፣ ከሾላው በታች..."

እናቴ መዶሻውን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ጎተትኩ፤ አለቀቀችም። ስትናደድ የምትናገረው በዋግ ቋንቋችን በኽምጣና ነው፤ በኽምጣና ጮኸችብኝ። ከዚያ ወደ ብረቱ ጠጋ ብላ በአማርኛ ተናገረች።

"ይድገሙት! ማን አሉ? ማን አሉ ወንድሜ?"

"ገብረ ኪዳን" አሉ። "ሆዱን የተመታው ልጅ። ትንሿ ሚካኤል..."

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷን እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

"የአማረ ስም ነው" አለች። "የክርስትና ስሙ። አማረ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ገብረ ኪዳን ያሉት ቄሱ ናቸው። ከእኔና ከነፍስ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ክፈትላቸው!"

ገባኝ፤ ግን በአንድ ጊዜ አልነበረም። አገራችን ውስጥ ገብረ ኪዳን፣ ወልደ ሰንበት እየተባለ በዚያው ስም የሚጠራ ሰው ሞልቷል፤ ሽማግሌውም መጠሪያቸው መስሏቸው ኖሯል። ልጆቹ ግን እየሞቱ ነበር። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ስሙን የተጠየቀ የእኛ አገር ልጅ፣ ለጸሎት ነው ብሎ የሚሰጠው የትኛውን ስም ነው? ትናንት ጠዋት እዚያው ቦታ ቆመው "ገብረ ኪዳን የሚባል ልጅ የጠፋበት ቤት ታውቃለህ" ብለውኛል። እኔም "እዚህ የለም" ብያቸዋለሁ። የእናቴ ቤት ከዚያ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

"ክፈት እንጂ!" አለች እናቴ።

"ቁልፉን ወንዝ ጥዬዋለሁ።"

እናቴ ፊቴን በጥፊ መታችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማስታውሰው በጥፊው ሙቀት ነው። ጓጉንቸሩን በመዶሻ መታሁት፤ የወታደር ብረት ነው፣ ዘለለ እንጂ አልተሰበረም። የብረት መቁረጫ ማሽኔ አለ፤ መብራት የለም። "ሃምሳ አለቃ! መጣን!" እላለሁ፤ መልስ የለም። መስኮቶቹ እጅ እንኳ አያስገቡም፤ ቢሆንም ጋዜጣውን በጥፍሬ ቦጫጨቅኩት። አንድ ሰው ገፋ አድርጎኝ ማጠፊያው ላይ መሮ ደገነ። ዳኜ ነው። ግንባሩን በጨርቅ አስሯል፤ አንድ ዓይኑ በደም ተጋርዷል። "ምታ!" አለኝ። መታሁ። መሮውን የያዘው እጁ ያን መዶሻ እያየ አልተንቀጠቀጠም። ላይኛው ማጠፊያ ለቀቀ፤ ታችኛው እምቢ አለ። ሦስት አራት ሰው ተረባርቦ በሩን ወደ ውጭ አጎበጠው።

ሃምሳ አለቃ በደረታቸው ተኝተው አፋቸውን ስንጥቁ ላይ አድርገዋል። ቆዳቸው ደርቋል፤ ላብ እንኳ የለውም። ቀኝ እጃቸው አብጦ የሰው እጅ አይመስልም። ላነሳቸው ስገባ ቀና አልኩና ኮርኒሱን አየሁ። ከዳር እስከ ዳር በምስማር ተጭሮ የተጻፈ ስም ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቦታ አለ፤ "ከወይራው ሥር"፣ "ከደወሉ በስተግራ"። ጥቂቶቹ ላይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። "እንዳትነካው" ያሉኝ ይህን ነው።

አውጥተን ጥላ ሥር አስተኛናቸው። ጀሪካኑን ገለበጥንባቸው። እናቴ ነጠላዋን ነክራ ደረታቸውን ሸፈነች፤ እኔ ጆንያ እየነከርኩ እግራቸውን፣ ብብታቸውን፣ አንገታቸውን ጠቀለልኩ። ሰው ሁሉ በካርቶን ያራግባል። መኪናውን ለማቀዝቀዝ የተዋዋልኩ ሰው ባለመኪናውን ለማቀዝቀዝ እለምን ነበር። ፖሊሱ መጥቶ ትከሻዬን ሲይዘኝ "ዓይናቸውን እስኪገልጡ ብቻ" ብዬ አለቀስኩ። አመጣጡ ሊወስደኝ ነበር፤ እናቴን አይቶ ታገሠኝ።

ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት እናቴን ነው።

"ስሙን ያዝሽው?" አሉ በደረቀ ከንፈር።

"ያዝኩት። ልጄ ነው። ሲሞት ምን አለ?"

"ውሃ አለኝ። ሆዱን ስለሆነ ከንፈሩን ብቻ አረጠብኩለት።" በደህናው እጃቸው የተቀደደውን እጅጌ ፈለጉ። "ይህን አይቶ 'ጃኬትዎ ተተርትሯል አባቴ፣ ሰቆጣ ስንደርስ እሰፋልዎታለሁ' አለኝ። መንገዱ በተኩስ ተዘጋ፤ አልደረስንም። ሬሳ ሜዳ ላይ አልጥልም ብዬ እየጎተትኩ ከገደሉ በታች ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን አወረድኳቸው። ቄሱ ነበሩ። በወጉ ነው የቀበርናቸው።"

እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። ዓመታት ያስቀመጠችውን ልቅሶ ሁሉ እዚያ፣ የቀለም ቆርቆሮ መካከል፣ የእንግዳ ሰው ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰችው።

እሳቸው ሆስፒታል ሰነበቱ፤ እኔ እስር ቤት። "አልከስም" ብለው አስፈቱኝ። ዳኜም አልከሰሰኝም፤ እስከ ዛሬ ግን ግንባሩን እያሳየ "ሲሳይ የቀባኝ ቀለም ነው፣ አይለቅም" ይለኛል። በሽማግሌዎች ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ሃምሳ አለቃ እግር ላይ ወደቅኩ። ድንጋዩን በግራ እጃቸው አወረዱልኝ። ቀኙ ከእንግዲህ አይጨብጥም፤ ሦስቱ ጣቶች ሽባ ሆነዋል። መሪ መያዝ አይችሉም። ስሞቹንም የጻፉት በዚያ እጅ ነው።

መኪናዋን ጨረስኳት። ነጭ ናት፤ ከላይዋ ሁለተኛ ጣሪያ አላት፤ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል። ኮርኒሱን አልነካሁም። መጀመሪያ የሄድነው ወደ ትንሿ ሚካኤል ነው። እኔ ነዳሁ፤ እናቴ በመካከል ተቀመጠች። ከሾላው በታች፣ ድንጋይ ክብ ተደርድሮበት አማረ አለ። ፍትሐቱ ሲያልቅ እናቴ ከመቀነቷ መርፌና ክር አወጣች። ሃምሳ አለቃን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እጅጌውን ሰፋችላቸው። ስፌት አታውቅም፤ ክሩ ወዲያና ወዲህ ሄዷል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው እንደ ሕፃን ዝም ብለው ተሰፉ። በዚያ ቀን ማታ ቤታችን የተከደነ ሳህን አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ ቁጣዬ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ሲመጣብኝ አሁን የሚታየኝ ግን የእሳቸው እጅ ነው፤ መሪ በያዝኩ ቁጥር ጎኔ ተቀምጦ አየዋለሁ። ሥራዬን ለዳኜ እየተውኩ ወር በወር እነዳላቸዋለሁ። መስመር ያልተሰመረባቸው፣ እናታቸው ገና ያልተገኘችላቸው ስሞች ብዙ ናቸው። እንግዲህ መጠሪያ ስም ብለን አንጠይቅም። በየቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመን እናቶችን የክርስትና ስም እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ብቻ ሳልቀባ ተውኩ። ዶሮው በግራው በር ላይ እንዳለ ነው። ሃምሳ አለቃ "ይፈልጉን የነበሩት ያገኙን ዘንድ ተወው" አሉኝ። ስለዚህ በዋግ መንገድ ላይ ቀይ ዶሮ ያለበት ነጭ ኦራል ብታዩ እኛ ነን። እኔ ያመንኩትን ወሬ አምኖ ልጁን የሚፈልግ ካለ፣ ድንጋይም ይዞ ቢመጣ አንሸሽም፤ እንቆማለን። ግን ከመወርወራችሁ በፊት የልጁን እናት ጠይቃችሁ ኑ፤ ቄሱ ሲያጠምቁት ማን ነበር ያሉት?